ርካሽ መሬት ከመግዛታችሁ በፊት ይህን የአፈር ካርታ ክፈቱ

አውሮራና ዴንቨር አካባቢ ያለን ሰዎች ስንሰባሰብ የመሬት ወሬ መነሳቱ አይቀርም። «ሳን ልዊስ ቫሊ 5 ኤከር በአሮጌ መኪና ዋጋ ይሸጣል» ይባላል፤ ደቡብ ኮሎራዶ ስላለው ሰፊ ሸለቆ ነው። እውነት ነው፣ ይሸጣል። ማስታወቂያው ላይ ተራራው ያምራል፣ ሜዳውም ዐይን እስኪደክም ተዘርግቷል። ስለ አፈሩ ግን አንድም መስመር አይጻፍም።

እኔ ያደግሁት መንዝ ነው፤ ከበግ ጋር። ዛሬም የበግ መንጋ ሳይ መኪናዬን አቆማለሁ። በግ የማረባበት ቦታ መፈለግ ስጀምር ከደላላ በፊት የከፈትኩት «ዌብ ሶይል ሰርቬይ» የሚባለውን ድረ ገጽ ነው። አሁን እሱን ሳላይ የትም መሬት ለማየት አልነዳም። ገንዘቡን መሬት ላይ ሊያፈስ ለተነሳ ወገን ሁሉ እመክረዋለሁ።

አገልግሎቱ የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ነው፤ የሚያዘጋጀው ኤንአርሲኤስ የሚባለው የአፈርና የተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ ክፍል። ይህ መሥሪያ ቤት የተቋቋመው በ1935 ነው፤ የታረሰው ሜዳ አቧራ ሆኖ በንፋስ ይወሰድ በነበረበት ዘመን። ከዚያ ጀምሮ ባለሙያዎቹ አገሩን እየዞሩ ጉድጓድ ቆፍረው፣ አፈሩን በእጃቸው አሽተው ካርታ ሠርተዋል። ያ ሁሉ ሥራ ከ2005 ጀምሮ በኢንተርኔት በነፃ ይታያል። መመዝገብ የለም፣ ኢሜይል አይጠይቅም። «ሾፒንግ ካርት» የሚል ስታዩ አትደንግጡ፤ ክፍያ የለውም። ሪፖርቱን በፒዲኤፍ የምታወርዱት ከዚያ ነው።

አጠቃቀሙ ቀላል ነው። ካርታው ላይ ቦታውን ትፈልጋላችሁ፣ ዙሪያውን ታሰምሩበታላችሁ፣ ከዚያ «ሶይል ማፕ» የሚለውን ትጫናላችሁ። የአፈሩ ስም ይመጣል። ስሙ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ ከተጠናበት አካባቢ የተወሰደ ነው፤ እዚሁ ሸለቆ ውስጥ አላሞሳ የሚባል ከተማ አለ፣ አላሞሳ የሚባል አፈርም አለ። ዋናው ነገር ያለው «ሶይል ዳታ ኤክስፕሎረር» ውስጥ ነው። እዚያ ገብታችሁ ጊዜ ስጡት።

እኔን የሳበኝ ወንዝ ዳር ያለው ሜዳ ነበር። ካርታው አፈሩን ሳንዲ ሎም ይለዋል፤ አሸዋው የሚበዛ፣ ደለልና ጥቂት ሸክላ የተቀላቀለበት ማለት ነው። ወንዝ ዳር ስለሆነ ለም ይመስላል። ግን ቁጥሮቹን አንብቡ። እንዲህ ያለ አፈር በአንድ ሜትር ጥልቀት ለተክል የሚሆን ውሃ የሚይዘው 10 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። የአላሞሳ ዓመታዊ ዝናብና በረዶ ተደምሮ 18 ሴንቲሜትር ያህል ነው፤ የእኛ ደጋ በክረምት አንድ ወር ብቻ ከዚህ በላይ ያገኛል። ከዚያ ቅዝቃዜው አለ። ሸለቆው ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። ውርጭ የማይጥልበት ጊዜ ሦስት ወር ቢሆን ነው። አላሞሳ በ1948 ከዜሮ በታች 45 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሷል። ድርቁና ብርዱ ሲገጥሙ ሣሩ ቀስ ብሎ ያድጋል፣ አፈሩ ውስጥ የሚብላላውም ጥቂት ነው።

ሻጩን አስፈቅጄ አካፋ ይዤ ሄድኩ። ግድግዳው ቀጥ ያለ ጉድጓድ ስትቆፍሩ የወንዙ ታሪክ ይታያል። አንድ ንብርብር ሻካራ አሸዋ፣ ከሥሩ ልም ደለል፣ ከዚያ እንደገና አሸዋ፣ ዝቅ ብሎ ደግሞ ጠቆር ያለ ስስ መስመር። ያ ጥቁሩ ድሮ ሣር የበቀለበት ገጽ ነው፤ ጎርፍ መጥቶ ቀብሮታል። አፈሩን በውሃ አርሼ በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ መሀል ገፋሁት። አጭር ጥብጣብ ሠራና ሁለት ሴንቲሜትር ሳይሞላ ተበጠሰ። ሳንዲ ሎም ጠባዩ ይኸው ነው። ኮምጣጤ ጠብ ሳደርግበት ቸስ አለ፤ ኖራ አለበት ማለት ነው። ካርታው የነገረኝ ሁሉ እጄ ላይ ነበር።

ጨው የሚባለውን አምድ እንዳትዘሉት። በዚህ ሸለቆ ብዙ ቦታ የከርሰ ምድር ውሃው ቅርብ ነው። ፀሐዩና ንፋሱ ውሃውን በአፈሩ በኩል እንደ ኩራዝ ክር ወደ ላይ ይስቡታል፤ ውሃው ይተንና ጨውም ከላይ ይቀራል። መሬቱ ላይ ነጭ ቅርፊት ካያችሁ፣ ግሪስዉድ የሚባለው እሾሃማ ቁጥቋጦ ከበዛ፣ ተጠንቀቁ። ድረ ገጹ የጨው መጠኑን በቁጥር ያስቀምጣል፤ ከ4 በላይ ሲሆን ጨዋማ ይባላል። ሶዲየሙም ለብቻው አለ፤ እሱ 13 ካለፈ አፈሩ ውሃ እንቢ ይላል። የጎርፍ ዕድልም ተጽፏል። «ኦኬዥናል» ካለ በየዓመቱ ከ100 ከ5 እስከ 50 የሚደርስ ዕድል አለ ማለት ነው፤ እዚያ ላይ ቤት አይሠራም።

በግ ለሚያስብ ሰው ከሁሉ የሚበልጠው የመኖ ግምት ነው። በጥሩ፣ በመካከለኛና በክፉ ዓመት አንድ ኤከር ስንት ፓውንድ ደረቅ ሣር እንደሚያበቅል ይነግራችኋል። ለምሳሌ 600 ፓውንድ ቢል ሁሉንም በግ አይበላውም። ሩቡን፣ 150 ፓውንዱን ብቻ ቁጠሩ፤ ቀሪው ለሥሩና ለአፈሩ ይቆይ፣ የሚረገጥም አለ። አንዲት እናት በግ በወር ይህንኑ ያህል ትፈልጋለች። ስለዚህ አንድ ኤከር አንዲት በግ ለአንድ ወር፤ 5 ኤከር አንዲት በግ ለ5 ወር ብቻ። ማስታወቂያው ላይ «ለከብት እርባታ ተስማሚ» የሚለውን ከዚህ ቁጥር ጋር አስተያዩት። በክፉ ዓመት ስሌቱ ደግሞ ከዚህም ይብሳል፤ እኔ ሁልጊዜ የማየው የክፉውን ዓመት ነው።

ጉድለት የለውም አልልም። ካርታው የተሠራው ሰፊ ቦታን ለማሳየት ነው። በተለመደው 1 ለ24,000 መስፈርት ካርታው ለይቶ የሚያሳየው ትንሹ ቦታ ወደ 6 ኤከር ገደማ ነው። 5 ኤከር ለሚገዛ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ የእናንተ ቁራሽ ከጎረቤቱ ፈጽሞ ሊለይ ይችላል። በጣም ስታቀርቡት ድረ ገጹ ራሱ ያስጠነቅቃችኋል። ስለዚህ ጉድጓዱ የግድ ነው፤ ካርታውን ይዛችሁ ቆፍሩ። ሁሉም ነገር በእንግሊዝኛ ነው፤ ቃላቱም የባለሙያ ናቸው። ወላጆቻችሁ መሬት ሊገዙ ካሰቡ አብራችኋቸው ቁጭ በሉ። በስልክ ከሆነ ደግሞ ዩሲ ዴቪስ ከኤንአርሲኤስ ጋር የሠራውን «ሶይልዌብ» ተጠቀሙ። የቆማችሁበትን ቦታ ስልኩ ራሱ ያገኘዋል፣ የአፈሩን ንብርብር በሥዕል ያሳያል።

አንድ ነገር ግን ከሁለቱም አታገኙም፤ የውሃ መብት። ኮሎራዶ ውስጥ ውሃ የመሬቱ ባለቤት ስለሆናችሁ ብቻ የእናንተ አይሆንም፤ ቀድሞ የወሰደ ይቀድማል። ከ35 ኤከር በታች ላለ ቁራሽ የሚሰጠው የጉድጓድ ፈቃድ ብዙ ጊዜ ለቤት ውስጥ ብቻ ነው፤ በግ ማጠጣት አይፈቅድም። ይህን የክፍለ ግዛቱን የውሃ ቢሮ ጠይቁ። አፈሩን በተመለከተ የኤንአርሲኤስ የአካባቢ ቢሮ በነፃ ያማክራል፤ ሪፖርታችሁን አትማችሁ ይዛችሁ ሂዱ፣ ያልገባችሁን ቁጥር አስምሩበት።