ወገባችሁን ለሚያማችሁ ጎንደሬዎች፦ አንድ ፊዚዮቴራፒስት ልጠቁማችሁ

ቤት ለቤት እየዞረ የሚሰራ ጎበዝ ልጅ ነው። ስሙ በአደባባይ እንዲጻፍ ስላልፈለገ በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ስልኩን እልካለሁ።

እናቴ አዘዞ ነው የምትኖረው። ዕድሜዋን ሙሉ እንጀራ ስትጋግርና ጀሪካን ስትሸከም ኖራለች። ወገቧን ካመማት ዓመታት አልፈዋል። ወጌሻው፣ ቀበቶው፣ መርፌው፣ ያልሞከርነው የለም። የወገብ ምስል ተነስታ "ዲስክ ነው" (በአከርካሪ አጥንቶች መሃል ያለው ትራስ መሰል ነገር) ከተባለች ወዲህ ደግሞ ጎንበስ ማለት ራሱ ያስፈራት ጀመር።

ልጁ እንደመጣ ማሸት አልጀመረም። ጠየቃት። ሽንት ያመልጥዎታል? እግርዎ ይዝላል? መቀመጫዎ አካባቢ ይደነዝዛል? ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ክብደት መቀነስስ? ከነዚህ አንዱ ካለ መጀመሪያ ሐኪም ይያችሁ አለን። ላቡን ለምን እንደጠየቀ ስጠይቀው፣ የአከርካሪ ቲቢ እኛ አገር የሚዘነጋ በሽታ አይደለም አለኝ። ስለ ዲስኩም አስረዳት። ምንም የማያማቸው የ60 ዓመት ሰዎች የወገብ ምስል ቢነሱ እንኳ 69 በመቶ ያህሉ ላይ ዲስኩ ወጣ ብሎ ይታያል። "እማማ፣ ወገብዎን አይፍሩት" አላት።

ያስገረመን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ህመም ሲቆይ አእምሮ የጀርባን ስሜት አጥርቶ መለየት ሊያቅተው ይችላል፤ ይህን ደግሞ በልምምድ ማሻሻል ይቻላል። የጀርባ ስዕል ወረቀት ላይ ሳለልንና ነጥቦቹን ቁጥር ሰጣቸው። እኔ በእስክሪብቶ ጫፍ ወይም በቡሽ እነካታለሁ። እሷ ወረቀቱን እያየች ቁጥሩን ትጠራለች፣ ሹል ይሁን ደነዝም ትለያለች። መጀመሪያ ላይ የላዩን የታች ትለው ነበር። ሲሻሻልላት ጀርባዋ ላይ በጣት ፊደል መጻፍ ጀመርን። መሠረተ ትምህርት የተማረች ናት። ሀ እና መ ቶሎ ገቧት፣ በ እና ሰ ግን እስካሁን ያምታቷታል። የልጅ ልጆቿ በተራ ነው የሚጽፉባት። ቤቱ በሳቅ ነው የሚሞላው!

እንቅስቃሴውም አብሮ ሄደ። መጀመሪያ በጀርባዋ ተኝታ፣ ጉልበቷን አጥፋ ዳሌዋን ቀስ አድርጋ ማንቀሳቀስ። ከዚያ ወንበር ላይ ሆና ጎንበስ ቀና ማለት። ቀጥሎ ባዶ ጀሪካን ማንሳት፣ ከዚያ ትንሽ ውሃ ጨምሮ።

ደስ ያለኝ አለማጋነኑ ነው። በዚሁ ዓይነት ልምምድ ላይ አውስትራሊያ ውስጥ 276 ሰዎች የተሳተፉበት፣ በ2022 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዳለ ነገረን። ለ12 ሳምንት በየሳምንቱ ከባለሙያ ጋር፣ በተረፈው ጊዜ ቤታቸው ሠርተዋል። ከማስመሰያ ህክምና (መልኩን ብቻ ከያዘ ህክምና) ጋር ሲነጻጸር ህመሙ፣ ከ0 እስከ 10 በሚሰጥ ነጥብ ሲለካ፣ በአንድ ነጥብ ያህል ብቻ ነው የበለጠ የቀነሰው። "ይቺን አስባችሁ ጀምሩ" አለን። እውነትም የእናቴ ህመም ጨርሶ አልጠፋም። ግን ወደ ምጣዷ ተመልሳለች። ቀበቶውንም አውልቃዋለች።

ያሸኛል ብሎ ለሚጠብቅ ሰው ይህ አይሆንም። ቤት ውስጥ የሚነካላችሁ ሰውም ያስፈልጋል። ልጁ ስልክ ቶሎ አለማንሳቱ ደግሞ ያበሽቃል፣ እውነቱን ልናገር! ሳይታክት ስላስተማረን ግን እግዜር ይስጥልን። አዘዞም ማራኪም ፒያሳም ይመጣል። ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ብትደውሉ ይሻላል፣ ቀን ሥራ ላይ ነው።