ማካሮቭ፦ ለሰነፍ ባለቤት የተሠራ ሽጉጥ

በፖሊስ የመሣሪያ ግምጃ ቤት ስሠራ ኖሬ ጡረታ ስለወጣሁ፣ ደሴ ውስጥ ሽጉጥ ለመያዝ ያሰበ ሰው ሳያማክረኝ አያልፍም። ከሐይቅም ከኩታበርም ይመጣሉ። «የትኛው ይሻላል?» ይሉኛል። «በመጀመሪያ ፈቃዱ» እላለሁ፤ የጦር መሣሪያ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ከወጣ ወዲህ ያለ ፈቃድ ለመጣ ሰው ወሬም የለኝ። ፈቃዱ ካለ «ማካሮቭ» እላለሁ። ያን ጊዜ ፊታቸው ቅጭም ይላል። ሶቪየት ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1951 ለሠራዊቷ የተቀበለችውን መሣሪያ ዛሬም ማሞገስ የሽማግሌ ግትርነት ይመስላቸዋል። ግትርስ ነኝ፤ ነገር ግን ምክንያት አለኝ።

እስቲ ባለቤቱን እንመልከተው። በእኛ አካባቢ ሽጉጥ የሚይዘው ነጋዴው፣ ባለ ወፍጮው፣ ከከተማ ወጣ ብሎ ንብረት ያለው ሰው ነው። ተኩስ የሚለማመድበት ቦታ የለውም። ጥይት እንደ ስኳር ከሱቅ አይገዛም። መሣሪያው ዓመቱን ሙሉ ከጋቢ ሥር ወይም ከሣጥን ውስጥ ይከርማል፤ ብዙው ሰው አንዴም ሳይተኩስበት ዕድሜው ያልፋል፤ ለሁላችንም አላህ እንደዚያው ያድርግልን። እንዲህ ላለ ባለቤት የሚሆነው፣ ሳይወለወል ቢከርምም የማያኮርፍ ሽጉጥ ነው።

ማካሮቭ የማያኮርፈው አሠራሩ ቀላል ስለሆነ ነው። ቱቦው ከአካሉ ጋር ተተክሏል፤ ሲተኮስ አይነቃነቅም። በብዙዎቹ ትልልቅ ሽጉጦች ቱቦው ከላይኛው ተንሸራታች ብረት ጋር ተቆላልፎ ጥቂት ወደ ኋላ ይሄድና ዘንበል ብሎ ይላቀቃል። ማካሮቭ ይህ ሁሉ ጣጣ የለበትም፤ የተንሸራታቹ ክብደትና ቱቦው ላይ የተጠመጠመው ጠንካራ ሞላ ይበቁታል። ንድፉን ያወጣው ኒኮላይ ማካሮቭ አንዱን ብረት ብዙ ሥራ ማሠራት ይወድ ነበር። ጥይቱን የሚያስነሳውን መዶሻ የሚገፋው ጠፍጣፋ ሞላ የታችኛው ጫፉ የጥይት ካዝናውን ይዞ የሚያስቀር ጥርስ ሆኖ ያገለግላል። ይህን ሳይ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል።

አንድ የእህል ነጋዴ ያመጣልኝን ልንገራችሁ። ካዝናውን አወጣሁ፤ ተንሸራታቹን ስቤ ውስጡ ጥይት አለመቅረቱን በዓይኔም በጣቴም አረጋገጥኩ። ከዚያ የምላጩን ቀለበት ወደ ታች ጎትቼ ትንሽ ወደ ጎን ገፋሁት፣ ተንሸራታቹን እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ስቤ ጅራቱን ብድግ አደረግሁት፤ ወጣ። መፍቻ የለ፣ ጠረጴዛ ሥር ተንከባሎ የሚጠፋ ብሎን የለ። ውስጡ ግን ጉድ ነበር። የጋቢ ጥጥ፣ የማሽላ ገለባ፣ ሁለቱንም ያጣበቀ ቢጫ ዝልግልግ ነገር። ሰውየው በየበዓሉ የኑግ ዘይት ሲያጠጣው ኖሯል! ኑግ ለወጥ ነው፤ ብረት ላይ ውሎ ሲያድር ይደርቅና እንደ ሙጫ ይሆናል። በነጭ ጋዝ አጥቤ፣ የስፌት መኪና ዘይት ጠብ አድርጌ መለስኩለት። የገረመኝ ሳላጥበው በፊት ባዶውን ደጋግሜ ሳቀባብለው፣ ቢንገታገትም፣ አንድ ጊዜ እንኳ ተይዞ አለመቅረቱ ነው። በዚያው ሰሞን ቅርጹ ዓይን የሚስብ፣ ከሳጥኑ ከወጣ ብዙም ያልቆየ ሌላ ሽጉጥ መጥቶልኝ ነበር፤ ስሙን አልጠራም። በእንክብካቤ ተይዞ ሳለ ካዝናው ጥይቱን አጣሞ ያቀርብ ነበር።

የአገራችን አየርም ለመሣሪያ አይመችም። ደሴ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ክረምት ሲገባ የጦሳ ተራራ ጉም ቤት ድረስ ይዘልቃል። ከዚህ የቀዘቀዘ ብረት ይዞ ኮምቦልቻ፣ ከዚያም ባቲ የወረደ ሰው ሽጉጡ እንደሚያልበው ያውቃል። የሰውየው የራሱ ላብ ሲጨመርበት ደግሞ ዝገት አይቀርም። የሶቪየቶቹ ማካሮቭ የቱቦው ውስጥ በክሮም የተለበጠ በመሆኑ እዚያ ብዙም አይደፈርም። ላዩ ግን ይዝጋል፤ በተለይ ሽርጥ ላይ ሰክተው በሚውሉት ዘንድ፣ ገላን የሚነካው ጎን ቶሎ ይሄዳል። በቆዳ ማኅደር ያዙት ብል ማን ይሰማኛል።

ከሁሉ በላይ የምወድለት መቆለፊያውን ነው። በግራ በኩል ያለችውን ምላስ ወደ ላይ ስትገፏት፣ ተወጥሮ የነበረው መዶሻ ጥይት ሳይነካ በሰላም ይወርዳል፤ ተንሸራታቹም ይቆለፋል። ወደ ታች ስትወርድ ቀይ ነጥብ ትታያለች፤ ለመተኮስ ዝግጁ ነው ማለት ነው። ከእሱ በፊት የነበረው ቶካሬቭ፣ ቲቲ የምንለው፣ ይህ የለውም። መዶሻውን በግማሽ ከማቆም በቀር ሌላ መከላከያ አልተሠራለትም። ጥይቱ ፈጣን ነው፣ ሽጉጡም ቀጭን ሆኖ ወገብ ላይ ይመቻል፤ ልጆች ባሉበት ቤት ግን አልመክረውም። በነገራችን ላይ ማካሮቭም ቢሆን ተቆልፎ ሣጥን ውስጥ፣ ጥይቱ ለብቻው ካልተቀመጠ በመቆለፊያው መተማመን ሞኝነት ነው።

ከአያት የወረደ ቤሬታ 1934 ይዘው የሚመጡም አሉ። ጣሊያን ከ1936 እስከ 1941 እ.ኤ.አ. በቆየበት ዘመን የመጣ ነው። ተንሸራታቹ ላይ ዓመተ ምሕረቱና ከጎኑ በሮማ ቁጥር የፋሺስት ዘመን ቆጠራ ተቀርጾበታል። እሱም ቀላልና ጠንካራ ሽጉጥ ነው፣ ክፋት አልናገርበትም፤ የመቆለፊያው ምላስ ግን ግማሽ ክብ መዞር ስላለባት በድንጋጤ ሰዓት ጣት ታደክማለች።

ጥይት ላይ ተጠንቀቁ። የቤሬታው፣ የማካሮቩና የአዲሶቹ ሽጉጦች ጥይት ሦስቱም «ዘጠኝ» ይባላሉ፤ የቀለሃቸው ርዝመት ግን በቅደም ተከተል 17፣ 18 እና 19 ሚሊ ሜትር ነው። የማካሮቩ እርሳስ ደግሞ ከሌሎቹ በጥቂቱ ይወፍራል። አንዱ በሌላው ምትክ አይሆንም። «ዘጠኝ ነው አሉኝ» ብሎ የተደባለቀ ጥይት በከረጢት የሚያመጣልኝን ሰው ቡና ሳላጠጣ ነው የምመልሰው።

አሁን ጉድለቱ። ማነጣጠሪያው ትንሽ ነው፤ ማታ ማታ የእኔ ዓይን አያገኘውም። መዶሻው ሳይወጠር የመጀመሪያው ምላጭ ከባድ ነው። ቁመቱ 16 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ ባዶውን 730 ግራም ሆኖ ሳለ ሲተኮስ እጅ ላይ የሚሰጠው ምት ከመጠኑ በላይ ነው፤ ሥጋ የበዛበት እጅ ያለው ሰው ተንሸራታቹ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል ሊቧጭረው ይችላል። ሞላው ጠንካራ በመሆኑ ጣቱ የደከመ አዛውንት ማቀባበል ይቸግረዋል። ካዝናው ከእጀታው ግርጌ የሚለቀቅ ስለሆነ ለመቀየር ሁለት እጅ ይፈልጋል። ይህን የመጨረሻውን ግን እንደ ጉድለት አልቆጥረውም፤ በባጃጅ ሲሄዱ ካዝናቸው ሳያውቁት ተለቆ የጠፋባቸውን፣ ቁልፉ በጎን የሆነ ሽጉጥ የያዙ ሰዎች አውቃለሁና።

የባቲ ከብት ነጋዴ የሆነ ወጣት ስልኩን አውጥቶ የግሎክ ሽጉጥ ፎቶ አሳየኝ።

«አያ፣ ይኸኛው እኮ 17 ይጎርሳል። ያንተው 8 ብቻ!»

«17ቱን የምትተኩሰው ማን ላይ ነው?»

ሳቀ፤ አልመለሰልኝም። ግሎክ መጥፎ ነው አላልኩትም። ኦስትሪያ እ.ኤ.አ. በ1982 ስትመርጠው ከምክንያቶቹ አንዱ የአሠራሩ ቀላልነት ነበር፤ እንዲያውም ከማካሮቭ ጋር በመንፈስ ዘመዳሞች ናቸው። ከውጭ የምትገፋ መቆለፊያ ግን የለውም። ምላጩን በደንብ የሚሸፍን ማኅደርና የሠለጠነ ጣት ይፈልጋል። በየጊዜው ለሚለማመድ ጠባቂ እኔም ግሎክን እመርጥለታለሁ። ልጁ ግን ከብት ሲነዳ የሚውል፣ ሽጉጡን በቀበቶው መሐል የሚሸጉጥ ነው።

የእጀታው ላስቲክ መሰል ሽፋን ከተሰነጠቀ አትደንግጡ። በአንዲት ብሎን ብቻ ከኋላ የሚታሰር አንድ ቁራጭ ነው፤ እጁ የተፍታታ እንጨት ሠሪ ከወይራ ሊቀርጽላችሁ ይችላል፣ ለእጅም ከመጀመሪያው ይመቻል። ሽጉጡን ግን ለአናጢው አትስጡት፤ አሮጌውን ሽፋን ብቻ ፈትታችሁ ለናሙና ውሰዱለት። የብሎኗን ቀዳዳም ጠበብ አድርጎ ይብሳው፤ ከሰፋ እጀታው ይላወሳል።