ክረምት ላይ ወፍ ለማየት፦ ጎርጎራ ወይስ ፎገራ?

ጎንደር ሆኖ በክረምት ወፍ ማየት ለሚያምረው ሰው ጣና ቅርብ ነው። ጥያቄው በየት በኩል ይሂድ የሚለው ነው።

ፎገራ በባሕር ዳር መንገድ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የሸሸርና የወለላ ረግረጎች በወፍ የታወቁ ናቸው። ግን ክረምት ላይ የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ሜዳውን ያጥለቀልቁታል፤ ጭቃውም ቦቲ ጫማ ያስቀራል። ከአውሮፓ የሚመጡት ሽመላዎች በመንጋ የሚታዩት ደግሞ በበጋ ነው። አክሊል ያለው ጥቁር ሽመላ ዓመቱን ሙሉ አለ። የሚራባው ግን በዝናብ ወቅት ነውና፣ እባካችሁ ጎጆው አጠገብ አትጠጉ።

ጎርጎራ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በአዘዞ ታጥፎ በቆላ ድባ ይኬዳል። እዚያ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ የጣና ዳርቻ ላይ ቁጭ ማለት ይበቃል። ቢጫው ጎጆ ሠሪ ወንድ ሣሩን በምንቃሩ ሰንጥቆ፣ ቋጥሮ፣ ቁልቁል የተንጠለጠለ ቤት ይሸምናል። ከዚያ ክንፉን እያርገበገበ ሴቷን ይጠራል። ካልወደደችው ያፈርስና እንደገና ይጀምራል! ይህን ሳይ ሰዓቱ እንዴት እንደሚሄድ አላውቀውም። ሣሩ ውስጥ ደግሞ በበጋ ድንቢጥ የሚመስለው ወፍ አሁን እንደ ፍም ቀልቶ ይታያል።

ስለዚህ ለክረምት ምርጫዬ ጎርጎራ ነው። ጠዋት ዝናቡ ሳይመጣ ድረሱ። ፎገራን ለጥር አቆዩት።