የሰው ሕዋስ የተተከለባት አይጥ ለኤችአይቪ ምርምር፦ ለሐረር ታዋጣለች?

ሐረር ላይ የጤና ሳይንስ የምናስተምር ሰዎች ከተመራቂ ተማሪዎቻችን ደጋግመን የምንሰማው ጥያቄ «እነዚህን አይጦች እኛስ ለምን አናስመጣም?» የሚል ስለሆነ፣ ምርቱን ለገዢ በሚጠቅም መልኩ ልገመግመው ወደድኩ።

ተራ አይጥ በኤችአይቪ አትያዝም። ቫይረሱ ወደ ሕዋስ የሚገባባቸው ሲዲ4 እና ሲሲአር5 የተባሉት ፕሮቲኖች በአይጥ ላይ ከሰው የተለዩ ናቸው፤ እንደ ምንም ቢገባ እንኳ በውስጡ መራባት ይሳነዋል። በዚህ ምክንያት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ የራሷ በሽታ ተከላካይ ሕዋስ በሌላት አይጥ ላይ የሰውን መትከል ጀመሩ። ዛሬ በስፋት ከሚሸጡት አንዱ የጃክሰን ላቦራቶሪ ያዳበረው ኤንኤስጂ የተባለው ዝርያ ነው። ገና የተወለደችው አይጥ መጠነኛ ጨረር ይሰጣትና ከሰው እትብት ደም የተለየ ግንድ ሕዋስ (ሌሎች የደም ሕዋሳት የሚመነጩበት) ጉበቷ ውስጥ ይወጋል፤ ሦስት ወር ገደማ ሲሆናት ጥቂት ጠብታ ደም ተወስዶ ከነጭ ሕዋሶቿ ምን ያህሉ የሰው እንደሆነ ይለካል። ቢኤልቲ በተባለው ዓይነት ደግሞ ከሰው ፅንስ የተገኘ የጉበትና የታይመስ (ቲ የተባሉት ተከላካይ ሕዋሳት የሚበስሉበት ዕጢ) ቁራጭ ከኩላሊቷ ሽፋን ሥር ስለሚቀበር የሰው ቲ ሕዋሳት በሰው ታይመስ ውስጥ ይበስላሉ፤ የፅንስ ሕብረ ሕዋስ ጉዳይ ግን ከባድ የሥነ ምግባር ክርክር ያስነሣል።

ትልቁ ብልጫዋ፣ በጦጣ ላይ እንደሚደረገው ዘመድ ቫይረስ ሳይሆን ራሱ ኤችአይቪ የሚጠናባት መሆኗ ነው። ቴኖፎቪርና ኤምትሪሲታቢን የተባሉት የኤችአይቪ መድኃኒቶች ከመጋለጥ በፊት ሲሰጡ ኢንፌክሽኑን እንደሚከላከሉ በቢኤልቲ አይጦች የታየው እ.ኤ.አ. በ2008 ሲሆን፣ በሰው ላይ የተደረገው ትልቅ ጥናት ውጤት የወጣው በ2010 ነው። ለመድኃኒት ሙከራና በሕክምና ላይ ሳለ ተደብቆ የሚቆየውን ቫይረስ ለመከታተል ስለዚህ ያለማመንታት እመርጣታለሁ።

ለክትባት ጥናት ግን አልመክራትም። የሊምፍ ዕጢዎቿ በቅጡ ስለማያድጉ የምታመነጨው ፀረ እንግዳ አካል ደካማ ነው፤ የተተከለው የሰው ሕዋስም አንዳንዴ የአይጧን አካል ማጥቃት ይጀምራል። በመላ ሰውነቷ ያለው ደም ሁለት ሚሊ ሊትር እንኳ ስለማይሞላ ተደጋጋሚ ናሙና መውሰድ ያስቸግራል። እ.ኤ.አ. በ2019 በረጅም ጊዜ መድኃኒትና በዘረ መል አርትዖት ቫይረሱ ጠፋ የተባለውም በአንዳንዶቹ አይጦች ብቻ እንደነበር ልብ ይሏል፤ ርዕሱን ብቻ አንብበው የሚደሰቱ ተማሪዎች አሉኝ።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ ዋናው ችግር ከዋጋዋ ይልቅ አያያዟ ነው። መከላከያ ስለሌላት ተራ ተሕዋስ ይገድላታል፤ ምግቧ፣ ውኃዋና ምንጣፏ በእንፋሎት መምከን፣ አየሯ መጣራት፣ የክፍሏ ሙቀት ሳይዋዥቅ መቆየት አለበት። ድሬዳዋ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ በቀትር ሙቀት ሳጥን ሲወርድ፣ ሐረር ደርሶም መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚከተል መገመት አያዳግትም። እኔ በጀቱ ቢሰጠኝ፣ አይጦቹ አስቀድመው ካሉት አጋር ላቦራቶሪ ጋር ተዋውዬ፣ በሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ከእኛ ታካሚዎች የተለየውን ንዑስ ዓይነት ሲ ቫይረስ ወደዚያ ብልክ እመርጣለሁ፤ በአገራችን የተስፋፋው እሱ ነውና።