ለፋሲካ ወደ አልፕስ፦ ኢንተርላከን ወይስ ሳልዝካመርጉት?

በዚህ ሳምንት ብቻ ሦስት ሰው ደወለልኝ። ጥያቄው አንድ ነው፦ ለፋሲካ ሐይቅና ተራራ ያለበት ቦታ ሄደን ጥቂት ቀን ልናርፍ ነው፣ ስዊዘርላንድ ይሻላል ኦስትሪያ? ሙኒክ ስለምኖር አልፕስ ጓሮዬ ያለ ይመስላቸዋል። ለአንዱ በስልክ ሃምሳ ደቂቃ አወራሁ። ለሁለተኛዋ የድምፅ መልእክት ላክሁ። ሦስተኛው ሲደውል ሰለቸኝና ልጻፈው አልኩ።

መልሴን ቀድሜ ልናገር፤ ኦስትሪያ። ሳልዝካመርጉት የሚባለው የሐይቆች አገር፣ ማደሪያውም ዝነኛዋ መንደር ሃልሽታት ሳትሆን ባድ ኢሽል የምትባለው ከተማ። ገንዘብ የማይቆጥር ሰው ስዊዘርላንድ፣ ኢንተርላከን ይሂድ፣ አይቆጨውም። እኔ ግን እቆጥራለሁ። ሁለቱም ጋ ሄጃለሁ፣ አንደኛው ጋ በደንብ ተበልቻለሁ።

ከመበላቱ ልጀምር። ከሦስት ዓመት በፊት ኤፕሪል መጀመሪያ ላይ ከባለቤቴ ጋር ኢንተርላከን ሄድን። ማደሪያውን ኢንተርኔት ላይ ስናየው ለ4 ሌሊት 560 ፍራንክ ይላል፣ «ሐይቅ የሚታይበት» ይላል። ከፍለን ስንጨርስ 760 ሆነ። 130ው የጽዳት ነው፤ ለሁለት ሰው፣ ለአራት ቀን፣ ያውም እኛው አጥበንና ጠርገን የወጣንበት ቤት። የቀረው የእንግዳ ግብርና «አገልግሎት» የሚሉት ነገር ነው። ሐይቁስ? ይታያል፣ አልዋሹም። የሚታየው ግን ከመታጠቢያ ቤቱ መስኮት ነው፣ የገንዳው ጠርዝ ላይ ቆመው አንገት ወደ ግራ ሲያሰግጉ። ባለቤቴ አንድ ጊዜ ወጥታ አየችው። እኔ እስከ ዛሬ አላየሁትም።

ሁለተኛው ጥፋት የራሴ ነው። ስዊስ ትራቭል ፓስ የሚባለውን ቲኬት ገዛሁ። የ4 ቀኑ በሰው ወደ 300 ፍራንክ ነው፣ ለሁለት ሰው ወደ 600። ባቡሩም፣ አውቶብሱም፣ ጀልባውም በሱ ነው ሲባል ዩንግፍራውዮክም የሚገባ መሰለኝ። ዩንግፍራውዮክ 3454 ሜትር ከፍታ ላይ ያለው የባቡር ጣቢያ ነው፤ ባቡሩ ከ1912 ጀምሮ የተራራውን ሆድ በስቶ ይወጣል። ቲኬት መሸጫው ጋ ስንደርስ ልጅቷ ፈገግ ብላ ይሄ ከታች እስካለችው መንደር እስከ ግሪንደልቫልድ ድረስ ነው፣ ከዚያ ወዲያ 25 በመቶ ቅናሽ ብቻ ነው ያላችሁ አለችን። በሰው ሌላ ከ100 ፍራንክ በላይ! እዚያ ድረስ ሄዶ ማን ይመለሳል? ከፈልን። ላይ ስንደርስ ጉም። ወተት ውስጥ የገባን ነው የመሰለን። ባለቤቴ እዚያ የተነሳችው ፎቶ አለ፤ ከኋላዋ ያለው አዲስ የተቀባ ግድግዳ ነው ብላችሁ ትምላላችሁ።

የሚያናድደው ደግሞ፣ የላይኛውን ካሜራ በቀጥታ የሚያሳይ ገጽ አለ፣ በነፃ። ጠዋት ከአልጋ ሳይወርዱ በስልክ ይታያል። ተራራው ካልታየ ቲኬት አትግዙ። ቀድማችሁ የገዛችሁት ርካሽ ቲኬት ቀኑን ለመቀየር የማይፈቅድ ከሆነ ደግሞ ርካሽ አይደለም።

ሦስተኛው ጫማ ነው። ስሙ የታወቀ የተራራ ጫማ ኢንተርኔት ላይ በግማሽ ዋጋ አገኘሁና በ65 ዩሮ ገዛሁ። ኮፒ መሆኑን ያወቅሁት ላውተርብሩነን ሸለቆ ውስጥ ነው። የግራው ሶል ከፊት ተላቀቀና እንደ አዞ አፍ ይከፈት ጀመር። በረገጥኩ ቁጥር ጠጠር ይጎርሳል። ባለቤቴ የፀጉሯን ላስቲክ ፈትታ አሰረችልኝና እስከ ጣቢያው እየጎተትኩት ደረስኩ። ጫማ ጠጋኝ ፈልጌ ስጠይቅ 48 ፍራንክ፣ ያውም ለሳምንት ትተኸው ሂድ አለኝ። በፌስታል ጠቅልዬ ይዤው ተመለስኩ። ቤት ውስጥ በራሴ ማጣበቂያ አጣበቅሁትና በዓመቱ ባድ ኢሽል ይዤው ሄድኩ። እዚያም ተከፈተ። አንድ ሽማግሌ ጫማ ሰፊ ገልበጥ አድርጎ አየው፣ አሮጌውን ማጣበቂያዬን በቢላ ፋቀ፣ ማስቲሽ ቀባው፣ ዙሪያውን በክር ሰፋው። ቀኙም ነገ ይከተላል ብሎ እሱንም ሰፋ። 14 ዩሮ፣ በማግስቱ። ጫማው እስካሁን አለ።

በአንድ ጫማ አገር አይመዘንም ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ግን ሁሉም ነገር እንደዚያው ነው የሄደው።

ውበቱን በተመለከተ አልዋሽም፤ ስዊዘርላንድ ይበልጣል። ላውተርብሩነን ላይ ስታውብባክ የሚባለው ፏፏቴ 300 ሜትር ገደማ ከገደል ጫፍ ይወረወራል፣ በጸደይ በረዶው ሲቀልጥ ውሃው ይጨምራል፣ እሱን ከመንደሩ መንገድ ላይ ቆሞ ለማየት ማንም አያስከፍልም። የብሪየንዝ ሐይቅ ቀለም ደግሞ ሰው የቀባው ነው የሚመስለው። ነገር ግን እዚያው ሐይቅ ዳር ኢዘልትቫልድ የምትባል መንደር አለች። የኮሪያ ድራማ ተቀርጾባት ዝነኛ ሆነች። አሁን የእንጨት ድልድዩ ላይ ወጥቶ ፎቶ ለመነሳት 5 ፍራንክ ይከፈላል፣ በር ሠርተውለታል። 5 ፍራንክ ትንሽ ነው። እንዲህ ያሉ ትናንሽ ፍራንኮች ተደማምረው ነው ሰው የሚያደኸዩት።

አሁን ወደ ኦስትሪያው ሒሳብ። ጀርመን ለምንኖር ትልቁ ሚስጥር የዶይችላንድ ቲኬት ነው፤ በየወሩ የሚከፈል፣ አገሩን በሙሉ በክልል ባቡር የሚያስኬድ። በ2026 ወደ 63 ዩሮ ከፍ አለ፣ ቢሆንም በሱ እስከ ሳልዝቡርግ ዋናው ጣቢያ ድረስ ይኬዳል። ቲኬቱ ያላችሁ ሰዎች ከሙኒክ ሳልዝቡርግ መጓጓዣችሁ ዜሮ ነው ማለት ነው። የክልሉን ባቡር ብቻ ያዙ፤ ፈጣኑ ላይ ከወጣችሁ ትቀጣላችሁ። ከሳልዝቡርግ ጣቢያ 150 ቁጥር አውቶብስ ባድ ኢሽል ያደርሳችኋል። በግራ በኩል ተቀመጡ። ሁለት ሐይቆች በመስኮታችሁ ስር ያልፋሉ፣ እንደ ሽርሽር ጀልባ ያለ ቲኬት ሳትቆርጡ።

በመኪና ለሚሄድ የአውራ ጎዳና ክፍያ አለ። የኦስትሪያው የ10 ቀን 12 ዩሮ ከሳንቲም ነው። ስዊዘርላንድ የአጭር ጊዜ የሚባል የለም፤ አንድ ቀንም ብትነዱ የዓመቱን 40 ፍራንክ ነው። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። ኢንተርኔት ላይ ስትፈልጉ መጀመሪያ የሚመጣው ብዙ ጊዜ የመንግሥቱ ገጽ አይደለም። ባንዲራው፣ ቀለሙ፣ ሁሉ ነገሩ አስመሳይ ነው፣ ዋጋው ግን ተጨምሮበታል። አንድ ጓደኛዬ ለአሥሩ ቀን እጥፍ ከፍሎ «የማስተናገጃ» ብለው ቆረጡብኝ እያለ ይምላል።

ሌላው የምግብ ነገር ነው። እኛ በሻንጣችን ሽሮና በርበሬ ይዘን ነው የምንሄደው፣ ኩሽና ያለበት ቤት እንከራያለን። በሁዳዴ ከሄዳችሁ ይሄ ግዴታ ነው፤ በሁለቱም አገር ምግቡ አይብና ቅቤ ነው። ከፋሲካ በኋላ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ስዊዘርላንድ የአውሮፓ ኅብረት አባል ስላልሆነች ድንበሯ ላይ ስጋ ይመዘናል፤ ያለ ቀረጥ የሚያልፈው በሰው 1 ኪሎ ነው፣ ቅቤም እንደዚሁ 1 ኪሎ። ድስት ሙሉ ዶሮ ወጥ ጭኖ ለሚሄድ ቤተሰብ ይሄ ቀልድ አይደለም። ከጀርመን ወደ ኦስትሪያ ስትገቡ እንዲህ ያለ ሚዛን የለም። ስልክም እንደዚያው፤ የጀርመን ሲምካርድ ኦስትሪያ ውስጥ እንደ ቤቱ ይሠራል፣ ስዊዘርላንድ ግን በአንዳንድ ውሎች ላይ ለብቻው ይቆጥራል። ውላችሁን ሳታዩ ድንበር አትሻገሩ።

ባድ ኢሽል 4 ሌሊት 340 ዩሮ ነው የከፈልነው፣ የእንግዳ ግብሩን ጨምሮ። ከኢንተርላከኑ ግማሽ እንኳን አይሞላም፣ ያውም ፍራንኩ ከዩሮ ይበልጣል። የቤቱ ባለቤት አሮጊት ናቸው። ማታ ሽሮው ሲንተከተክ በሩን አንኳኩ። አለቀልን፣ ስለ ሽታው ሊቆጡ ነው ብለን ደነገጥን። ምን እንደሆነ ነው የጠየቁት። በማንኪያ ሰጠናቸው፣ ቀመሱ፣ ዳቦ ይዘው ተመለሱ።

ከተማዋ ጸጥ ያለች ናት። የኦስትሪያው ንጉሠ ነገሥት አጼ ፍራንዝ ዮሴፍ በየዓመቱ የሚከርሙባት ነበረች፤ በሰርቢያ ላይ ጦርነት ያወጁበትን ወረቀት በ1914 ጁላይ 28 የፈረሙት እዚሁ ነው። ለእኛ ዋናው ጥቅሟ ግን ሃልሽታት በባቡር ግማሽ ሰዓት አለመሙላቷ ነው።

ሃልሽታትን ፎቶውን ሳታዩት አትቀሩም። 800 ሰው የማይሞላባት መንደር ናት፣ ከ1997 ጀምሮ በዩኔስኮ መዝገብ ላይ አለች። ቻይኖቹ ጓንግዶንግ ውስጥ ኮፒዋን ሠርተው በ2012 ከፍተዋል፣ ቤተ ክርስቲያኑን ሳይቀር። እንደኔ ጫማ ሶሉ ይለቅ አይለቅ አላውቅም። እውነተኛዋ ግን በሰው ተጨንቃለች፤ በ2023 ነዋሪዎቹ በቃን ብለው ሰልፍ ወጥተዋል። ስለዚህ እዚያ አትደሩ፤ ዋጋው ከነባድ ኢሽል አይገናኝም። ጠዋት በመጀመሪያው ባቡር ሂዱ። ጣቢያው ከሐይቁ ማዶ ነው፣ ባቡሩን የምትጠብቅ ጀልባ በጥቂት ዩሮ ታሻግራችኋለች። ጉሙ ከውሃው ላይ ሲነሳ መንደሩ ከጀልባው ሲታይ፣ የሌላውን ሁሉ ወጪ ያስረሳል። አስጎብኚ አውቶብሶቹ መጉረፍ ሲጀምሩ እናንተ ጨርሳችሁ ውጡ። የመመለሻዋን ጀልባ ሰዓት ፎቶ አንሱት፣ አመሻሹ ላይ ታቆማለች።

ከመንደሩ በላይ ያለው ተራራ ጨው ነው። ጨው መቆፈር ከጀመሩ 7000 ዓመት ገደማ ሆኗል ይላሉ። አሞሌ ገንዘብ በነበረበት አገር አድጎ ይሄን የሚሰማ ሰው ቶሎ ይገባዋል። የሀብታቸው ምንጭ እሱ ነው።

ሻፍበርግ የሚባለው ተራራ ላይ መውጣት ለምትፈልጉ ከሳንክት ቮልፍጋንግ የሚነሳ ባለጥርስ ሐዲድ ባቡር አለ፣ ከ1893 ጀምሮ የሚሠራ። ደርሶ መልስ ወደ 50 ዩሮ ነው። ከዩንግፍራውዮክ ጋር አወዳድሩት። ግን ኤፕሪል መጀመሪያ ላይ ብትሄዱ አታገኙትም፣ ገና አይጀምርም። የጸደይ ችግር በሁለቱም አገር ይሄው ነው፦ የበረዶ ሸርተቴው ወቅት ሲያበቃ ብዙዎቹን የገመድ መኪናዎች ለጥገና ይዘጓቸዋል፣ ከ1500 ሜትር በላይ ያሉ የእግር መንገዶችም በረዶ ናቸው። ክፍል ከመያዛችሁ በፊት የምትፈልጉት ነገር በዚያ ቀን ክፍት መሆኑን እዩ። እኔ አላየሁም ነበር።

የስሎቬኒያው ብሌድ ሐይቅስ ብላ የጠየቀችኝ አለች። ስሎቬኒያ ጥሩ ናት፣ ሐይቁን ዙሪያውን 6 ኪሎ ሜትር መሄድ ነፃ ነው፣ ደሴቲቱ ላይ ለመሄድ በታንኳ ወደ 20 ዩሮ ያስወጣል፣ የሳምንት የመንገድ ክፍያው ወደ 16 ዩሮ ነው። ለሁለት ቀን ይበቃል። ከዚያ በኋላ አብራችሁ የመጣችሁት ሰው ይሰለቻችኋል። ከጀርመን ሳትወጡ ደግሞ ኮኒግስዜ አለላችሁ፤ በርችተስጋደን ድረስ በዚያው በዶይችላንድ ቲኬት፣ ሐይቁ ላይ ከ1909 ጀምሮ በኤሌክትሪክ የሚሄዱ ጀልባዎች። ለቅዳሜ ብቻ ጊዜ ላለው ከዚህ የሚሻል የለም።

ቀኑን በተመለከተ የእኛ ካላንደር ለአንድ ጊዜ ይጠቅመናል። ዋጋው የሚሰቀለው በፈረንጆቹ ፋሲካና በትምህርት ቤቶቹ እረፍት ነው። በ2027 የነሱ ማርች 28 ላይ ይውላል፣ የእኛ ሚያዝያ 24፣ ማለትም ሜይ 2። አምስት ሳምንት ልዩነት! በዚያን ጊዜ ሜዳው አበባ ነው፣ ጀልባዎቹ ይሠራሉ፣ የክፍሉ ዋጋ ወርዷል። ልጆች ያሏችሁ ብቻ ናችሁ የትምህርት ቤቱን ቀን የምትጠብቁ፣ እሱን እኔም ልረዳችሁ አልችልም።

እኛ አሮጊቷ ጋ ደውለን ያንኑ ክፍል ይዘናል። ዋጋው በሌሊት 5 ዩሮ ጨምሯል፣ ተከራክሬ 3 አደረስኩት። ስልኩን ከመዝጋታቸው በፊት ሚስትህን አቅርብልኝ አሉ። ያቺ ቡናማ ዱቄት ትምጣ ነው ያሏት።