ለዞኮሎ ሥራ ሰው ለምትፈልጉ ድሬዎች

አቦ፣ ሳላመሰግን ብቀር ይቆጨኛል። ባለፈው ሳምንት የእናቴን ቤት ዞኮሎ የሠራልን ልጅ ፈጣሪ እጁን ይባርክለት!

ዞኮሎ ምንድነው የምትሉ ካላችሁ፣ ግድግዳና ወለል የሚገናኙበትን የሚሸፍነው ጠርዝ ነው። እኔም ለጌጥ ብቻ ይመስለኝ ነበር። የሳሎኑን ምስጥ በልቶት ከተነቀለ በኋላ ነው ጥቅሙ የገባኝ። ወለሉ በተወለወለ ቁጥር የግድግዳው ቀለም ከሥር እየተላጠ መጣ። ጉንዳኑም በስንጥቁ ሰልፍ ይዞ ይወጣል።

ከሱ በፊት የመጡት ሁለቱ አንጀቴን አሳርረውታል። አንዱ ቀብድ ተቀብሎ «ነገ እመጣለሁ» እያለ አንድ ወር ሙሉ አመላለሰኝ፤ በመጨረሻ ስልኩን ዘጋ። ሁለተኛውስ ባልመጣ ይሻል ነበር። አቧራው ላይ ማስቲሽ ቀብቶ ፕላስቲኩን ለጠፈው። የድሬን ሙቀት ታውቁታላችሁ፤ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ተጣሞ ተነሳ። ማዕዘኑ ላይ ጣት ያስገባል። ስነግረው «ሶፋ ይሸፍነዋል» አለኝ። ሶፋ!

ይሄኛው ልጅ መጀመሪያ ሜትሩን እንኳን አላወጣም። ግድግዳውን ከሥር ከሥሩ በእጁ እየዳበሰ ቤቱን ዞረ። ቀጥ ያላለበትን ቦታ እያሳየ የሆነ ነገር አስረዳኝ፤ እውነቱን ለመናገር አልገባኝም። ብቻ ሲገጥመው ወረቀት አያሳልፍም።

የማልረሳለት ግን ሌላ ነው። የጓዳውን አሮጌ እንጨት ሲነቅለው ከኋላው የደረቀ ደለል ረገፈ። ቤታችን ደቻቱ ወንዝ አጠገብ ነው። የሐምሌ 1998ቱ ጎርፍ ጭቃ ነው! ስንቴ አጥበን፣ ስንቴ ቀለም ቀብተን፣ ለካ እዚያ ተደብቆ ኖሯል። እማዬ አየችውና በርጩማዋ ላይ ቁጭ አለች። ያን ሌሊት ጎረቤቶቿን አጥታለች። ልጁ መጥረጊያውን መልሶ አስቀመጠ።

«እናቴ፣ ልጣለው ወይስ ይቆይ?» አላት።

መልስ እስክትሰጠው እንጨቱን አልነካም። ቡና አፈላች። እሱም የሥራ ሰዓቱን ትቶ አጠገቧ ተቀምጦ ሰማት። ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ «ጥረገው ልጄ፣ ይበቃል» አለችው። እኔ ልጇ እንኳን በዚህ ሁሉ ዓመት እንደዚያ ቁጭ ብዬ አልሰማኋትም።

እና በናታችሁ እሱን አሠሩ! ሳቢያንም ሁኑ ከዚራ፣ ገንደ ቆሬም ይመጣል። ስልኩን በውስጥ መስመር እልካለሁ፣ እሱም ፈቅዷል። ቀብድ አይጠይቅም። ቡና ግን ይወዳል፣ አፍሉለት።