አሮጌ ቤተክርስቲያንና መንደር በአንድ ፓንኬክ ሌንስ፦ ስለ ካኖን 24 ሚሜ ኤፍ 2.8

ሙሉ ስሟ ኢኤፍ-ኤስ 24 ሚሜ ኤፍ 2.8 ኤስቲኤም ነው፣ ካኖን በፈረንጆቹ 2014 ያወጣት፣ ሰው ግን ፓንኬክ (እንደ ቂጣ ስስ ሌንስ) ነው ሚላት ምክንያቱም ውፍረቷ 22.8 ሚሜ ብቻ ነው፣ ክብደቷ ደግሞ 125 ግራም። እኔ ካኖን 700ዲ ካሜራዬ ላይ ገጥሜያት ሁለት ቅዳሜ ሙሉ አሮጌ ቤተክርስቲያን ያለበት መንደር ውስጥ ስዞር ዋልኩ፣ ሌላ ሌንስ አልያዝኩም። ስለዚ እዚ ማወራው ጥራቷ በማሽን ሲለካ ስንት መጣ ሚለውን ሳይሆን በእግሩ እየሄደ ለሚያነሳ ሰው ምን ትሆናለች ሚለውን ነው።

ከመንደሩ ልጀምር። በፊት ትልቅ ዙም ይዤ ስገባ ሰው ገና ከሩቅ ያየኝና ወይ ግትር ብሎ ይቆማል ወይ ፊቱን ያዞራል፣ ተፈጥሯዊ ፎቶ ሚባል ነገር እዛው አለቀ። በዚች ግን የካሜራዬ ስክሪን ወደ ጎን ተከፍቶ ስለሚዞር ካሜራውን ሆዴ ጋ ይዤ፣ አስፈቅጄ፣ እያወራን ነው ያነሳሁት፣ ፊቴ ስላልተሸፈነ ሰዎቹ እኔን እንጂ ካሜራውን አያዩም። ቤተክርስቲያኑን ሚጠብቁት አባት ሊከፍቱልኝ ሲመጡ ካሜራውን አይተው "ሌንሱን ቤት ረሳኸው እንዴ ልጄ?" አሉኝ፣ በቃ ይሄን ያህል ትንሽ ናት።

የካኖን ትንሹ ሴንሰር ላይ (በ1.6 ሲባዛ) ትልቁ ሴንሰር (ፉል ፍሬም) ላይ የ38 ሚሜ ሌንስ ሚያሳየውን ያህል ነው ምታሳየው፣ አይን ትክ ብሎ ሲያይ ከሚያየው ብዙም አይርቅም። ዙም የለም፣ ዙሙ እግር ነው። ቤተክርስቲያኑን ሙሉውን ለማስገባት ወደ ኋላ ስሄድ ስሄድ ከግቢው ወጥቼ ዛፎቹ ስር ደረስኩ፣ ከዛ ሆኜ ሳየው ነው ጣሪያው ከኋላው ካለው ኮረብታ ጋር አንድ አይነት ቅርጽ እንዳለው ያስተዋልኩት፣ በዙም ቢሆን ደጃፉ ላይ ቆሜ አንስቼ እገባ ነበር። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፣ ቅርብ ቆማችሁ ካሜራውን ወደ ላይ ካዘነበላችሁ ግድግዳው ወደ ኋላ ሚወድቅ ይመስላል፣ ስለዚ ራቅ ብሎ ካሜራውን ቀጥ አድርጎ ይዞ ከታች የተረፈውን መሬት በኋላ መቁረጥ ይሻላል፣ 18 ሜጋፒክሰል ለዛ ይበቃል።

ውስጥ ስንገባ ነገሩ ይከብዳል። ግድግዳው ወፍራም ነው፣ መስኮቶቹ ጠባብ፣ ከደጅ ፀሀይ ገብታችሁ መጀመሪያ ምንም አይታያችሁም። ከካሜራው ጋር ሚመጣው 18-55 ሚሜ ዙም እዚሁ 24 ላይ ኤፍ 4 አካባቢ ነው (ኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ ብርሃን በዝቶ ይገባል)፣ ይቺ 2.8 ስለሆነች እጥፍ ብርሃን ታስገባለች፣ እኔ አይኤስኦ (የሴንሰሩ ለብርሃን ያለው ስሜት) 1600 ላይ በ1/30 ሰከንድ ነው የሰራሁት። ግን ማረጋጊያ (የእጅ መንቀጥቀጥን ሚቀንስ) የላትም፣ 18-55ቷ ባለ አይኤስ ከሆነች አላት፣ ስለዚ የማይንቀሳቀስ ነገር፣ ለምሳሌ የግድግዳ ስዕል፣ በእጅ ይዞ ለማንሳት 18-55ቷ ልትሻል ትችላለች፣ ይሄን መደበቅ አልፈልግም። ሰው ካለ ግን ማረጋጊያ የሰውን እንቅስቃሴ አያቆምም፣ እዛ ጋ ብርሃን ነው ሚያስፈልገው። እኔ ካሜራውን ምሰሶ ላይ አስደግፌ የ2 ሰከንድ ታይመር እየተጠቀምኩ ነው ስዕሎቹን ያነሳሁት፣ ጥርት ብለው ወጥተዋል። ፍላሽ በጭራሽ አትጠቀሙ፣ ጥላውን ሁሉ ያጠፋዋል፣ የሚጸልይ ሰውም ይረብሻል። ዋይት ባላንሱን (የቀለም ማስተካከያውን) ደሞ ከአውቶ አውጥታችሁ የፀሀይ ምልክቱ ላይ አድርጉት፣ የሻማው ብርሃን ወርቃማ እንደሆነ ይቀራል፣ በአይናችሁ እንዳያችሁት። መስኮት ፍሬም ውስጥ ካለ በራው (RAW፣ ካሜራው ሳይጨምቅ ሚያስቀምጠው ፋይል) አንሱና አንድ ስቶፕ አጨልሙ፣ ማለትም ብርሃኑን በግማሽ ቀንሱ፣ የጨለመውን በኋላ ማብራት ይቻላል፣ ነጭ ሆኖ የተቃጠለ መስኮት ግን አይመለስም።

በጣም የወደድኳት በሩ ላይ ነው። እስከ 16 ሴንቲሜትር ድረስ ፎከስ ታደርጋለች፣ ያ ደግሞ ከሴንሰሩ ሲለካ ስለሆነ ከሌንሱ ጫፍ 9 ሴንቲሜትር አካባቢ ነው ሚቀረው። የቁልፉ ቀዳዳ ዙሪያ እንጨቱ በስንት ሰው እጅ ተነክቶ ተነክቶ እንደ ድንጋይ ለስልሷል፣ ሚስማሮቹ ጭንቅላታቸው አንዱ ካንዱ አይመሳሰልም፣ በእጅ እንደተመቱ ያስታውቃል። አንድ ሰዓት ሙሉ እዛ በር ፊት ተንበርክኬ ነበር፣ ከመንደሩ ሁሉ ደጋግሜ ማያቸው ፎቶዎች እነዛ ናቸው።

ሞተሯ ብዙም ድምጽ የላትም፣ ጸጥ ያለ ቦታ ላይ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። በእጅ ፎከስ ለማድረግ ግን ካሜራው መብራት አለበት፣ ቀለበቱ በኤሌክትሪክ ነው ሚሰራው።

ፉል ፍሬም ዲኤስኤልአር (ውስጡ መስታወት ያለው ካሜራ) ያላችሁ አትግዟት፣ አትገጥምም። የካኖን አር ሚረርለስ (መስታወት የሌላቸው ካሜራዎች) ላይ በአዳፕተር ትሰራለች ግን የአዳፕተሩ ውፍረት ብቻ 24 ሚሜ ነው፣ ትንሽነቷ ምኑ ላይ ቀረ፣ ለነሱ በ2023 የወጣችው አርኤፍ 28 ሚሜ ኤፍ 2.8 ናት ምትሻለው፣ 120 ግራም ናት። የትንሹ ሴንሰር ዲኤስኤልአር ካላችሁና መራመድ ከወደዳችሁ ግን ሳታመነቱ ግዟት። ፊልተሯ 52 ሚሜ ነው፣ የፀሀይ መከለያዋ (ኢኤስ-52) አብራ አትመጣም፣ ለብቻዋ ነው ምትገዛው።